የሕመም ደብተር

ሐኪሟ ሥራውን ስትነግረኝ ሳቅኩ። ከጅቡቲ ከተማ ወጣ ብሎ፣ የኢትዮጵያ ከባድ መኪናዎች ተራ በሚጠብቁበት በፒኬ 12፣ ሾፌሮቹን አንድ በአንድ እየጠራሁ "ከእምብርትዎ በታች ያምዎታል? ሲሸኑ ያቃጥልዎታል? ከሚስትዎ ጋር ሲተኙስ?" ብዬ እንድጠይቅላት ነበር የፈለገችው። ሾፌር ሞተሩ ሲታመምበት እንኳ ለሌላ ሰው የማይናገር ፍጥረት ነው። ይህን ጉድ ለአንዲት ወጣት ሴት፣ ያውም በአስተርጓሚ፣ እንዴት አድርጎ ይናገራል?

"ዶክተር፣ ጉልበታችንን ነው የሚያመን ብለው ነው የሚያስጽፉዎት" አልኳት።

"ለዚህ እኮ ነው እርስዎን የፈለግኩት" አለችኝ።

እኔ ሐኪም ቤት የምውል ሰው አልነበርኩም። ትራንዚተር ነኝ፤ የኢትዮጵያ ዕቃ ከወደብ እንዲወጣ ከመስኮት መስኮት እየዞርኩ ወረቀት የማስጨርስ። ሥራውን የጀመርኩት አሰብ ላይ ነው። ጦርነቱ መጥቶ አሰብ ሲዘጋብን ዕቃውም ሰውም ወደ ጅቡቲ ዞረ፣ እኔም አብሬ ዞርኩ። ፈረንሳይኛዬ የመስኮት ፈረንሳይኛ ነው፤ ግጥም አይጽፍም፣ ማህተም ግን ያስመታል። ሐኪሟ የከተማዋ ልጅ ነች። በሶማልኛ አፏን ፈትታ በፈረንሳይኛ የተማረች፣ አማርኛ ግን ከሰላምታ በላይ የማታውቅ።

ስለ ጥናቱ ደጋግማ አስረድታኛለች። ሾፌሮቹ ከወገብ በታች ያመናል ብለው ይመጣሉ፣ ፀረ ተሕዋስ መድኃኒት ይሰጣቸዋል፣ ይሄዳሉ፣ ተመልሰው ይመጣሉ። የብዙዎቹ ሽንትና ደም ሲመረመር ምንም የለበትም፣ ሕመሙ ግን አለ። ከየት እንደሚመጣና ምን እንደሚያሽለው ማወቅ እፈልጋለሁ አለች። እኔ በአንድ ጆሮዬ ነበር የምሰማት። የተስማማሁት ለሳይንስ ተጨንቄ እንዳይመስላችሁ። እኔንም ያመኝ ነበርና ምናልባት ጥሩ መድኃኒት አገኝ ይሆናል ብዬ ነው።

የእኔ ሕመም የጀመረው ከዚያ ሰባት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። ያኔ ከሚስቴ ጋር አርሂባ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ድሬዳዋ ነው ያገባኋት፤ ልጅ ገና አልወለድንም። መጀመሪያ ሽንቴን አቃጠለኝ። ቀጥሎ ከፊኛዬ ሥር አንድ ነገር ይዞ ይጎትተኝ ጀመር፤ እያደር መቀመጥ አቃተኝ። ወደብ ላይ ቀኑን ሙሉ ወረፋ ነው። ሽንቴ ቢመጣም ተራዬ እንዳያልፍ ብዬ ሦስት ሰዓት፣ አራት ሰዓት ይዤ እቆማለሁ። ይህን ከሕመሙ ጋር ያያያዘልኝ ሰው ግን አልነበረም። በሾፌርና በትራንዚተር ዘንድ ከወገብ በታች ያለ ማቃጠል ሁሉ ስሙ አንድ ነው፤ ጨብጥ። ሐኪሙም አንድ ነው፤ ካርቲየ ዱ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ከአንድ ሱቅ ጓሮ የሚሠራ የቀድሞ የጦር ሠራዊት ድሬሰር። ምርመራ የሚባል ነገር የለውም። "ያቃጥልሃል?" ይላል። "ያቃጥለኛል" ትላለህ። "ዙር" ይልሃል።

አንድ ደንብ ነበረው። ባለትዳርን ብቻውን አይወጋም፤ ሚስቱን ይዞ መምጣት አለበት። አንዱ ድኖ ሌላው ከቀረ ልፋቴ ሁሉ ከንቱ ነው ይላል። ሚስቴን ይዣት ሄድኩ። ምን እንደሆነ በመንገድ ላይ ነገርኳት። ተወጋች፣ እያነከሰች ከኋላዬ እየተከተለች አርሂባ ድረስ በእግሯ መጣች።

በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ቀለለኝ። የቀለለኝ ዕለት ነው ትዳሬ ያበቃው። ነገሩን እንደ ወረቀት ሥራዬ ነበር የያዝኩት። በመርፌው ስለተሻለኝ ጨብጥ ነው፤ ማህተም አንድ። ጨብጥ ከሆነ ከሰው ነው የመጣው፤ ማህተም ሁለት። እኔ ከእሷ በቀር የማውቃት ሴት የለችም፤ ማህተም ሦስት። ሦስት ማህተም ያለበትን ወረቀት ማንም መስኮት አይመልሰውም።

"ከየት መጣ?" አልኳት።

"አላውቅም።"

"እኔ የትም አልሄድኩም።"

"እኔም የትም አልሄድኩም" አለች።

ሁለታችንም እውነታችንን ነበር። እኔ ግን የራሴን እንጂ የእሷን ማመን አልፈለግኩም። እሺ ብላ መወጋቷን ሳይቀር ማስረጃ አደረግኩባት፤ ንጹህ ብትሆን እምቢ ትል ነበር አልኩ። እምቢ ብትል ኖሮ ደግሞ የምትደብቀው ነገር አላት ባይ ነበርኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ አልተናገርኳትም፣ እጄንም አላነሳሁባትም። ይህን ለብዙ ዓመታት እንደ ጨዋነት ስቆጥረው ኖሬያለሁ፤ አሁን ሳስበው ያመኛል። ለድሬሰሩ ነገርኩት፣ ድሬሰሩ ለሾፌሮቹ ነገራቸው፣ በሳምንት ውስጥ ከወደብ እስከ ፒኬ 12 ያልሰማ አልነበረም። ያኔ ባቡሩ ገና ይሠራ ስለነበር አንድ ማለዳ ጣቢያ ድረስ ሸኝቼ ወደ ድሬዳዋ ሰደድኳት።

ድሬዳዋ አልበረከተችም። ወሬው ከእሷ ቀድሞ ደርሶ ኖሮ ወንድሟ ቤት መቀመጥ አልቻለችም። ከጥቂት ወራት በኋላ ጅቡቲ ተመልሳ ጋቦዴ ሰፈር ውስጥ ክፍል ተከራይታ ሳምቡሳ እየጠበሰች እንደምትሸጥ ሰማሁ። ከእኔ ቤት በእግር የሚደረስ ቦታ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋቦዴ ለእኔ ቪዛ የሚጠየቅበት አገር ሆነ፤ ሥራ ሲወስደኝ እንኳ ዞሬ በሌላ መንገድ እሄድ ነበር። ሌላ ሴት አላገባሁም፣ አልያዝኩምም። ሕመሙ ግን እየሄደ ይመለሳል፤ ሲመለስ ድሬሰሩ ጋ እሄዳለሁ፣ እወጋለሁ፣ ይቀለኛል። "ያኔ ያስያዘችህ ነው ሥር የሰደደው" ይለኛል ድሬሰሩ። እኔም አምኜው እመለሳለሁ።

እንግዲህ ሐኪሟ ያገኘችኝ እንዲህ ሆኜ ነው።

እንደፈራሁት ሾፌሮቹ ፊት ለፊቷ አንናገርም አሉ። ስለዚህ ከመኪናቸው ጥላ ሥር እየተቀመጥን ለእኔ ይነግሩኛል፣ እኔ ገብቼ ለእሷ እነግራታለሁ። ከሁሉ ቀድመው የተናገሩት አንድ ሸምገል ያሉ፣ ወፍራም፣ ቀልድ የማያልቅባቸው ሾፌር ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። "ንገራት እስቲ" አሉኝ፣ "ከአዋሽ ጀምሮ ጋላፊ እስክደርስ ከሥሬ ፍም የተቀመጠ ይመስለኛል በላት። ደግሞ እኔ እንዳልኩ አትንገራት፤ አንድ ጓደኛውን ነው የሚያመው በላት።" ስነግራት ስሟን እንደ ጠሯት ሁሉ ፊቷ በራ። ያንን ሰው ያምጡልኝ አለች።

ምርመራቸው ንጹህ ለሆነ ሾፌሮች ሁሉ አንዳንድ ቀጭን የተማሪ ደብተር ሰጠቻቸው። ሥራቸው ቀላል ነው። በየቀኑ ሕመሙ የቱን ያህል እንደሆነ በጭረት ያሰፍራሉ። ምንም ካልሆነ ባዶ ይተዉታል፤ የማይቻል ከሆነ አሥር ጭረት። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት መርፌም ክኒንም የለም፤ ሕመሙን ሳይነኩ መመልከት ብቻ። ሾፌሮቹ አበዱ። ሐኪም ዘንድ ሄዶ ሳይወጉ መመለስን ንቀት አደረጉት። እኔም በልቤ ከእነሱ ጋር ነበርኩ፤ ይህቺ ልጅ ሰው እያመመው ጭረት ታስቆጥራለች እያልኩ አማኋት።

ከአዲስ አበባ ደርሰው ሲመለሱ ደብተሩን ለእኔ ያስረክቡኛል፣ እኔ ጭረቱን እየቆጠርኩ አነብላታለሁ፣ እሷ ትመዘግባለች። የመጀመሪያው የጋሼ ነበር። ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ስድስት፣ ሦስት፣ አንድ። ዘጠኝ ላይ ደርሶ ወደ አንድ መውረዱ አናደደኝ። ወጣሁና መኪናቸው ሥር አገኘኋቸው።

"ጋሼ፣ ተወግተዋል አይደል?"

"ማን ይወጋኛል? እሷ ከልክላኝ የለ እንዴ።"

"ታዲያ ምን አሻለዎት?"

"ምን አውቄ። መጣ፣ ከረረ፣ ሄደ። ደግሞ ይመጣል" አሉኝ፣ ጎማቸውን በእግራቸው እየነኩ።

ዋሹኝ ብዬ ተመለስኩ። በሳምንቱ የሌላ ሾፌር ደብተር መጣ፤ ሰባት፣ ስምንት፣ አሥር፣ አምስት፣ ሁለት። እሱም አልተወጋሁም አለ። በሦስተኛው ሳምንት ሐኪሟ ከሰዓት በፊት ሌላ ቦታ ስለነበረች ደብተሮቹን ብቻዬን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋኋቸው። እየገለጥኩ ጣቴን ጭረቱ ላይ አስኬድኩ። ሁሉም ላይ ያው ነው። ይወጣል፣ ይወጣል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያ ማንም ምንም ሳያደርገው በሁለት በሦስት ቀን ይወርዳል። መርፌ የለም፣ ክኒን የለም፣ ድሬሰር የለም።

እኔ ድሬሰሩ ዘንድ የምሄደው መቼ ነበር? መቀመጥ ሲያቅተኝ፣ አሥር ጭረት ላይ ስደርስ ነዋ። ከአሥር በኋላ ደግሞ መውረድ እንጂ ሌላ መንገድ የለም።

ያ በሦስተኛው ቀን የቀለለኝ፣ ትዳሬን ያፈረስኩበት ሕመም፣ ባልወጋ ኖሮም በሦስተኛው ቀን ይቀለኝ ነበር ማለት ነው። የመጀመሪያው ማህተም ዓይኔ እያየ ተቀደደ። እሱ ከተቀደደ ሌሎቹ ሁለቱ የሚያርፉበት ወረቀት የለም። ደብተሮቹን መሰብሰብ አቃተኝ። ሐኪሟ ስትገባ እንደዚያው ተበትነው፣ እኔም ደርቄ ተቀምጬ አገኘችኝ።

"አመመዎት?" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት። በሰባት ዓመት ውስጥ ለትክክለኛ ሐኪም አመመኝ ያልኩት ያን ቀን ነው።

ሽንትና ደም ሰጠሁ። አብሯት የሚሠራ አንድ ወንድ ሐኪም መረመረኝ፤ በጣቱ ከውስጥ አንድ ጡንቻ ተጭኖ "እዚህ ነው?" ሲለኝ ያ የማውቀው ሕመም ብድግ አለ። ከአልጋው ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ድሬሰሩ በነዚያ ሁሉ ዓመታት ያልፈለገውን ቦታ ሰውዬው በአንድ ደቂቃ አገኘው። ውጤቱ ሲመጣ ንጹህ ነው፤ አንዳች ተሕዋስ የለም። ሐኪሟ አስቀምጣ አስረዳችኝ። ከዳሌ ሥር ፊኛንና አንጀትን የሚሸከም ጡንቻ አለ፤ ሽንት ይዞ ሲቆሙ፣ ደረቅ ወንበር ላይ ሲውሉ፣ ሲጨነቁ ይኮማተርና መላላት ይረሳል። ቀኑን ሙሉ ከባድ ሻንጣ ያንጠለጠለ ክንድ እንደሚያመው ያማል። ያቃጥላል፣ ይጎትታል፣ ይሄዳል፣ ይመለሳል። የመርፌውንና የሚስቴን ነገር ከሥሩ ነገርኳት።

"ታዲያ ያኔም ይኸው ነበር?" አልኳት።

"ያኔ አልተመረመሩም፤ በእርግጠኛነት ልነግርዎ አልችልም" አለች። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ግን ልጠይቅዎ። ሚስትዎ ከሄዱ በኋላ ሕመሙ ተመልሷል?"

"ስንት ጊዜ።"

"ሌላ ሴት ነበረችዎት?"

"አንድም።"

"እና በነዚህ ሰባት ዓመታት ከማን አገኘሁት ነው የሚሉት?"

አንድ ልጅ የሚያነሳው ጥያቄ ነው፤ እኔ፣ በሰው ወረቀት ላይ የጎደለ ሰረዝ የማያመልጠኝ ሰው፣ ለሰባት ዓመት አልጠየቅኩትም። ብጠይቀው ምን እንደሚመጣ ውስጤ ያውቅ ነበር መሰለኝ። አፈርኩ። ከማፈሬ ይልቅ ፈራሁ።

ውጤቴን የያዘውን ወረቀት ኪሴ ውስጥ ይዤ ሁለት ሳምንት ዞርኩ። በመጨረሻ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከተማው ከቀትር እንቅልፉ ሲነሳ፣ ጋቦዴ ሄድኩ። ቤቷን መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ያልሄድኩበት ቤት የት እንደሆነ ድሮም በደንብ አውቅ ነበር። በሯ ላይ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የሳምቡሳ ሊጥ ትዳምጣለች፤ ከጎረቤቷ ጋር በሶማልኛ ትጫወታለች። እኔ በዚያች ከተማ አሥር ዓመት አልፎኝ ሶማልኛ አልተማርኩም። ስታየኝ ለጎረቤቷ አንድ ነገር አለቻት። ጎረቤቲቱ ተነስታ ገባች።

ቆሜ የተዘጋጀሁበትን ሁሉ ተናገርኩ። ጥናቱን፣ ደብተሮቹን፣ ጡንቻውን፣ ወረቀቱን። ይቅርታ አድርጊልኝ አልኩ። ሊጡን መዳመጧን አላቆመችም።

"ጨረስክ?" አለችኝ።

"ጨረስኩ።"

"እኔ እኮ የትም እንዳልሄድኩ አውቃለሁ። ለእኔ ምን ወረቀት ታሳየኛለህ?"

ዱቄት ልታመጣ ብድግ ስትል በግማሽ ቆም አለች፤ መዳፏን ከእምብርቷ በታች ተጭና ትንፋሿን ዋጠች። ያንን አያያዝ ፒኬ 12 ላይ ሳየው ከርሜያለሁ። ሳላስበው የሥራዬ ጥያቄ ከአፌ ወጣ።

"ያምሻል?"

"ያመኛል።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከሄድኩ ጀምሮ በለው። የወር አበባዬ ሲመጣ መሬት ላይ ነው የምንከባለለው። አሁን አሁንማ ሳይመጣም ነው።"

"ሐኪም አላየሽም?"

ያን ጊዜ ነው ቀና ብላ ያየችኝ። "ምን ብዬ ልሂድ? መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። እየቆየ ራሴን መጠርጠር ጀመርኩ። ከሽንት ቤት ይዞኝ ይሆን? ከልብስ ይሆን? ሳላውቀው ይዞኝ ይሆን? ሄጄ ብመረመርና ቢገኝብኝ ያንተ ቃል እውነት ሊሆን ነው። እንደዚያ ከሚሆን ይመመኝ አልኩ።"

ስላባረርኳት ብቻ መስሎኝ ነበር ለይቅርታ የሄድኩት። ከሐኪም እንደከለከልኳት፣ ሰባት ዓመት ሙሉ በየወሩ መሬት ላይ እንዳንከባለልኳት አላወቅኩም። የማላውቀውን ሾፌር ሁሉ "የት ነው የሚያምህ?" እያልኩ ስዞር የእኔዋ በእግር በሚደረስ ቦታ ዝም ብላ ታማ ነበር። ደጃፏ ላይ ቁጭ አልኩ። ተነስ አላለችኝም፣ ግባም አላለችኝም።

"ያቺ ሐኪም ሴት ነች አልክ?" አለች።

"ሴት ነች።"

"ወስደህ አገናኘኝ።"

በማግስቱ ወሰድኳት። እንደ ልማዴ ላስተረጉም ተከትያት ልገባ ስል በእጇ አገደችኝ። ሶማልኛ አላት፤ እኔን ምን ያደርግላታል። ውጪ ሆኜ ድምፃቸውን እሰማለሁ፤ የሚሉት ግን አይገባኝም። አንድ ሰዓት ያህል ቆየች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል፤ አልፋኝ ሄደች።

ውጤቱ የደረሰ ቀን ኮሪደሩ በሾፌሮች ተሞልቶ ነበር። ጋሼም ነበሩ። ከመካከላቸው ድሮ አርሂባ ቤታችን ገብተው ምሳ የበሉ፣ ኋላ ግን ሳምቡሳዋን እየገዙ ዓይኗን ማየት የተዉ ሰዎች ነበሩበት። የድሮ ሚስቴ ከሐኪሟ ክፍል ወጣችና ወረቀት ዘረጋችልኝ። ከላይ እስከ ታች በፈረንሳይኛ ነው።

"በአማርኛ አንብበው" አለችኝ።

"ዶክተሯ አልነገረችሽም?"

"ነግራኛለች። አንተ አንብበው።"

ዝቅ ባለ ድምፅ ጀመርኩ።

"ጮክ በል።"

"ስሟ ከላይ በተጠቀሰው ሴት ላይ በተደረገው ምርመራ" አልኩ፣ "ምንም ዓይነት የአባላዘር በሽታ አልተገኘም።"

የሾፌሮቹ ጨዋታ ቆመ።

"ድገመው።"

ደገምኩት። እኔን አታይም ነበር። አግዳሚው ላይ የተቀመጡትን አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል ታያቸዋለች። ከሰዎቹ አንዱ ጫማውን ማየት ጀመረ። ሦስተኛ ጊዜ ድገመው ስትለኝ "አልተገኘም" የሚለው ላይ ተደናቀፍኩ፤ እስክጨርሰው ጠበቀችኝ። ከዚያ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

"በል አሁን ተወን" አለችኝ። "ስለ ሕመሜ ልንነጋገር ነው።"

ገብታ በሩን ዘጋችው። ምን እንዳገኙባት፣ በምን እንዳከሟት እስከ ዛሬ አልነገረችኝም፤ የመጠየቅ መብትም የለኝም። እኔ እዚያው በሩ ፊት ቆሜ ቀረሁ። ከሾፌሮቹ ጠጋ ብሎ ቦታ የሰጠኝ አንድም ሰው አልነበረም።